በመብራትና በድንግዝግዝታ፤ በውኃ ዳር ስለ ተነሡ የዱር አራዊት ፎቶግራፎች የቀረበ ሂስ

የዱር አራዊትን በሌሊት በውኃ ዳር ፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ዕድሜው ከ130 ዓመት በላይ ነው። የዚህ ሥራ ታሪክ በሚወሳበት ስፍራ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠራው አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ሣልሳዊ ሲሆን፣ ስለ እርሱ የተጻፈውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ከተጻፈው የሚበዛው ምስጋና ነው። በ2015 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ከተማ የአደንና የተፈጥሮ ሙዚየም ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ፤ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዣን ክሪስቶፍ ባዪና ሶንያ ቮስ የተሳተፉበት መጽሐፍም ታተመ። ከዚያ ወዲህ በሥነ ጥበብ ወዳዶች ዘንድ ሺራስ እንደ አዳኝ ወይም እንደ ተፈጥሮ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን፣ የሌሊትን ምስጢር እንደ ገለጠ ባለ ቅኔ ሆኖ ይታያል። እኛ ይህን አስተያየት በከፊል እንቀበላለን፤ በከፊል ግን አንቀበለውም። ምክንያታችንን ለመግለጽ አስቀድሞ ሰውዬውን፣ ቀጥሎም ሥዕሎቹ የተሠሩበትን ዘዴ በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘዴው ሳይታወቅ ሥዕሉን ማመስገንም መንቀፍም ዋጋ ያለው አይመስለንም።

ሺራስ በ1859 በፔንስልቬንያ ተወለደ። አባቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እርሱም ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆኗል፤ ከ1903 እስከ 1905 ድረስም የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ በዋሽንግተን ምክር ቤት ተቀምጧል። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚዘዋወሩትን ስደተኛ ወፎች የመጠበቅ ሥልጣን ለማዕከላዊው መንግሥት እንዲሰጥ የሚጠይቀውን የሕግ ረቂቅ በ1904 ያቀረበው እርሱ ነበር። ረቂቁ ያን ጊዜ አልጸደቀም፤ ነገር ግን በ1913ና በ1918 ለወጡት ሕጎች መነሻ ሆኗል። ይህን የምንጠቅሰው ሰውዬው ለአራዊት አሳቢ መሆኑን ማንም እንዳይጠራጠር ብለን ነው። ሂሳችን በልቡ ላይ አይደለም፤ በሥዕሎቹ ላይ ነው።

በልጅነቱ፣ በ1870 ገደማ፣ በሚሺጋን ሰሜን በሱፒሪየር ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ዋይትፊሽ ወደ ተባለ ትንሽ ሐይቅ ለአደን ሄደ፤ ከዚያ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ ወደዚያ ተመላልሷል። ጠመንጃውን በካሜራ መለወጥ የጀመረው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን «የእኩለ ሌሊት ተከታታይ» የሚባሉት 10 ሥዕሎቹ የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። በሐምሌ 1906 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን በአንድ ዕትም አወጣለት። ጽሑፉ ትንሽ፣ ሥዕሉ ብዙ ነበር፤ የማኅበሩ ሁለት የቦርድ አባላት መጽሔቱ የሥዕል መጽሐፍ ሆነ ብለው ሥራቸውን እንደ ለቀቁ ይነገራል። በስተ መጨረሻ በ1935 በ65 ዓመት ውስጥ ስላደረጋቸው ጉዞዎች የሚተርክ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1942 ሞተ።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልገናል። ሺራስ አብዝቶ ያነሣው እንስሳ ጭራው ከሥሩ ነጭ የሆነ፣ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ተርጓሚዎች ይህን ወገን «አጋዘን» ይሉታል። አጋዘን ግን በአገራችን ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ የሚዞረው፣ ቀንዱንም ከቶ የማይጥለው እንስሳ ነው፤ ወገኑም ሌላ ነው። ድኩላም እንዲሁ። የዚያ እንስሳ ወገን በኢትዮጵያ ዱር ውስጥ ስለሌለ፣ ከዳዊት መዝሙር ጀምሮ ወደ ውኃ ስትናፍቅ የምናውቃትን «ዋላ» የሚለውን ስም እንወስዳለን። ይህን ማለታችን ለቃል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። አጋዘንን በዓይነ ኅሊናው ይዞ የሺራስን ሥዕል የሚመለከት አንባቢ፣ ዋላዋ በሐይቅ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ የውኃ ቅጠል ስትበላ ማየቱ ሊያስገርመው ይችላል። ለዋላዋ ግን ይህ የበጋ ሌሊት የዘወትር ምግቧ ነው፤ ሺራስም በታንኳ ሊያገኛት የቻለው ስለዚህ ነው።

ዘዴውን ሺራስ ከራሱ አላመነጨውም። የኦጂብዌ ሕዝብ አዳኞች በታንኳቸው ፊት እሳት አንድደው፣ ከእሳቱ በስተ ኋላ በጨለማ ተቀምጠው፣ በውኃ ዳር የቆመችውን ዋላ ይቀርቡ ነበር። ዋላዋ እሳቱን ታያለች፤ ሰውን ግን አታይም። ዓይኗም ከብሌኑ በስተ ጀርባ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሽፋን ስላለው፣ የእሳቱን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ ይልከዋል። አዳኙም በእሳቱ አጠገብ ስለ ተቀመጠ ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ይታዩታል፤ በነጥቦቹ መካከል ያነጣጥራል። (ይህ የአደን ዓይነት ዛሬ በአብዛኛው አሜሪካ በሕግ የተከለከለ ነው።) ሺራስ ያደረገው ነገር ቢኖር በእሳቱ ፋንታ የነዳጅ ፋኖስ፣ በጠመንጃው ፋንታ ካሜራ ማስቀመጥ ነው። በታንኳው አፍንጫ ላይ ካሜራዎቹ ተደርድረው፣ ከበላያቸው ፋኖሱ እየበራ፣ ረዳቱ ጆን ሐመር በስተ ኋላ ድምፅ ሳያሰማ ይቀዝፋል። ዓይኖቹ ሲታዩ ይቀርባሉ፤ በቅርብ ሲደርሱ የማግኒዚየም ዱቄት በአንድ ጊዜ ይነዳል። ያን ጊዜ የነበረው የመስተዋት ሳሕን ለብርሃን የነበረው ስሜት አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የተለየ መንገድ አልነበረውም። የጨረቃ ብርሃን ለዚያ ሳሕን እንደሌለ ይቆጠራል።

እንግዲህ ከዚህ ዘዴ የተገኘው ሥዕል ምን ይመስላል? ሰማዩ ጥቁር ነው። ውኃውም ጥቁር ነው። በመካከሉ ዋላዋ እንደ ኖራ ነጭ ሆና ቆማለች፤ ከእግሯ በታችም ሌላ ዋላ ራሷን ወደ ታች አድርጋ ትታያለች። ዛሬ ብዙዎች «ሕልም ይመስላል» የሚሉት ይህን ነው። እኛም ሥዕሎቹን በመጀመሪያ ስናይ መደነቃችንን አንደብቅም። ነገር ግን ሕልም ያስመሰለው የሰሪው ቅኔ ነውን ወይስ የብርሃን ሕግ ነው? ይህ ጥያቄ ሊመለስ የሚችል ነው።

የብርሃን ኃይል በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ከፍላሹ 5 ሜትር የራቀ ነገር የሚያገኘውን ብርሃን አንድ ብንል፣ 10 ሜትር የራቀው ሩቡን፣ 20 ሜትር የራቀው ደግሞ ከ16 እጅ አንዱን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ከዋላዋ በስተ ጀርባ ያለው ጫካ በእውነቱ በዚያ ሌሊት ጥቁር ስለ ነበረ አይደለም በሥዕሉ ጥቁር የሆነው፤ የፍላሹ ብርሃን ስላልደረሰው ነው። በዚያ ሌሊት ከዋክብት ነበሩ፤ ምናልባትም ጨረቃ ነበረች፤ ሰማዩ በሐይቁ ላይ ይታይ ነበር። ፍላሹ ይህን ሁሉ ደመሰሰው። የውኃው ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ጸጥ ያለ ውኃ መስተዋት ነው፤ በላዩ የወደቀውን ብርሃን ወደ ፊት ያሳልፈዋል እንጂ ወደ ካሜራው አይመልሰውም። ስለዚህ ፍላሽ ያረፈበት ሐይቅ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከዋላዋ የተመለሰው ብርሃን ግን ውኃውን ነክቶ ወደ ሌንሱ ይመጣል። ውኃን ቀጥ ብለው ከላይ ሲመለከቱት ከወደቀበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ዓይን ወደ ውኃው ገጽ እየወረደ በሄደ መጠን የሚመልሰው ብርሃን እጅግ እየበዛ ይሄዳል። ሺራስ በታንኳ ተቀምጦ ነበር። ካሜራው ከውኃው ከፍ ያለው ጥቂት ነው። ያ ሁለተኛይቱ ዋላ የምንላት ምስል ይህን ያህል ጎልታ የወጣችው ስለዚህ ነው፤ ያው ሥዕል ከባሕር ዳር ገደል ላይ ሆኖ ቢነሣ ኖሮ ግማሽ ውበቱ ይቀር ነበር።

ይህን ስንል ውበቱን ለማጣጣል አይደለም። ፊዚክስ ውበትን አይሽርም። ነገር ግን የሥዕሉ ጨለማ የሌሊቱ ጨለማ አለመሆኑን ማወቅ አለብን። ሺራስ ሌሊትን አላሳየንም፤ ሌሊትን አጥፍቶ በሌሊት ቦታ ጥቁር መጋረጃ ሰቀለ፤ ከመጋረጃውም ፊት እንስሳይቱን አቆመ። በከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ ከተሰቀለ ጨርቅ ፊት ሙሽሮችን እንደሚያቆሙት ማለት ነው። የፓሪሶቹ አድናቂዎች ጥልቅ ነው የሚሉት ያ ጥቁር፣ እኛ እንደምናየው፣ ጥልቀት የሌለው ነው፤ ከበስተ ጀርባው ምንም የለም።

ከዚህ የሚከብደው ቁም ነገር የእንስሳቱ ሁኔታ ነው። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ዋላዋ ራሷን ቀና አድርጋ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ትመለከታለች። ተመልካች ይህን እንደ መገናኘት ይቆጥረዋል፤ እንስሳይቱ አየችን፣ እኛም አየናት ይላል። ከላይ እንዳስረዳነው ግን ዋላዋ ያየችው ሰውን አይደለም። ፋኖስን ነው። ያም ፋኖስ የተዘጋጀው ከበስተ ኋላው ያለውን እንዳታይ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ውስጥ ያለው አተያይ መታለል ነው፤ እኛ እናያታለን፣ እርስዋ አታየንም። ይህን ሳያውቁ በዓይኖቿ ውስጥ ጸጥታንና ምስጢርን ማንበብ፣ የተደናገረ ሰው ዝም ሲል ጥበበኛ ነው እንደ ማለት ይሆናል።

ሺራስ ራሱ ስለዚህ ነገር ያላሰበ አይደለም፤ ዝም ብላ የቆመች ዋላ ስለ ሰለቸችው ይመስላል፣ ሁለት ፍላሽ ማፈንዳት ጀመረ። በመጀመሪያው እንስሳቱ ይደነግጣሉ፤ በሁለተኛው ሲዘሉ ይነሣሉ። ከዚህ የተገኘው ሦስት ዋላዎች በየአቅጣጫው ሲፈነጠሩ የሚያሳየው ሥዕል ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ብዙ ሰዎች ይህን ሥዕል ጨካኝ ነው ብለው ይነቅፉታል። የእኛ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ሥዕል ከቆሙት ዋላዎች ሥዕል ይልቅ እውነተኛ ነው እንላለን። ምክንያቱም ፎቶግራፍ አንሺው በዚያ ስፍራ መኖሩን፣ መጥቶም ምን እንዳደረገ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። በቆሙት ሥዕሎች ሰው የሌለ ይመስላል፤ በዚህኛው ግን እንስሳቱ ከምን እንደሚሸሹ ማንም አይጠይቅም። ሥራው ደግ ነው አላልንም፤ አይዋሽም ነው ያልነው።

ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ግን በሐምሌ 1902 በኦንታሪዮ በሉን ሐይቅ የተነሣውን የሊንክስ ሥዕል ነው። ሊንክስ በጆሮዋ ጫፍ ላይ ረዘም ያለ ጠጉር ያላት፣ ጭራዋ አጭር የሆነ የዱር ድመት ናት። በሐይቁ ዳር ተቀምጣ ወደ ብርሃኑ ትመለከታለች። ዘዴው ያው ነው፣ ጥቁሩም መጋረጃ ያው ነው። ይሁን እንጂ ተቀምጣለች። ዋላ የሚታደን እንስሳ ነው፤ በቆመበት ሁሉ ለመሸሽ እንደ ተዘጋጀ ነው። ሊንክስ ግን ራሷ አዳኝ ናት፤ እንግዳ ብርሃን በውኃው ላይ ሲመጣ ቁጭ ብላ ትመረምረዋለች። በዚህ አንድ ሥዕል ሌሊቱ የሺራስ ብቻ ሳይሆን የእርስዋም ይመስላል። በባዪና በቮስ መጽሐፍ መንፈስ ሺራስን ማመስገን የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሥዕል ቢጀምር እኛም አብረነው እንቆማለን።

ሺራስ በኋለኞቹ ዓመታት ሲባጎ ዘርግቶ፣ ማባበያ አኑሮ፣ እንስሳው ሲባጎውን ሲነካ ካሜራውና ፍላሹ በራሳቸው እንዲሠሩ አድርጓል። ዛሬ ተመራማሪዎች በየጫካው የሚተክሉት ራሱ የሚያነሣ ካሜራ የዚህ ልጅ ነው። ለሳይንስ የሰጠው ጥቅም ከታንኳው ሥዕሎች ሁሉ ይበልጣል፤ ለሂስ ግን ብዙ የሚሰጠን ነገር የለውም፤ ስለዚህ እናልፈዋለን።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ጌዎርግ ሺሊንግስ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ያን ጊዜ በጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረው አገር፣ አንበሶችን በፍላሽ አንሥቷል። መጽሐፉ በ1905 ታትሞ በአውሮፓ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ የመጽሐፉም ስም ፍላሽንና ጠመንጃን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። ስሙ የሥራው ምስክር ነው፤ አህያና በሬ ለማባበያ እያሰረ አንበሶቹን ያነሣል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ይገድላል። ከእርሱ ጋር ሲመዛዘን ሺራስ ቅዱስ ነው ለማለት ይቻላል። እኛ ሁለቱን ያመጣናቸው ለሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ብርሃኑን ይዘው የሄዱ ሰዎች ናቸው። በሌሊት የሚኖር እንስሳ ወዳለበት ቀንን ተሸክመው ገቡ። ከዚህ የተለየ መንገድ አለን?

አለ፤ ግን 80 ዓመት ያህል መጠበቅ አስፈልጎታል። የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ፍራንስ ላንቲንግ በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦትስዋና ሲሠራ፣ በቾቤ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኖች በማታ ወደ ውኃ ሲመጡ አንሥቷል። በ1991 በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በሚደረገው የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር አንደኛ የሆነውም በዚሁ ሥዕሉ ነው። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች፤ ዝሆኖቹ በውኃው ዳር ተሰብስበዋል። ፍላሽ የለም። ሥዕሉን ከሺራስ ሥዕል አጠገብ ብናስቀምጠው አንድ ነገር ወዲያው ይታያል። ሁሉም ነገር ተገልብጧል። በሺራስ ዘንድ እንስሳው ነጭ፣ ውኃው ጥቁር ነበር፤ በላንቲንግ ዘንድ ውኃው ብሩህ፣ እንስሳው ጥቁር ነው። ብርሃን የሚመጣው ከሰማይ ነውና፣ ውኃው ሰማዩን ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ ሜዳው ሲጨልም ውኃው ብቻ ብርሃን ይዞ ይቆያል። ዝሆኖቹን የምናያቸው ውኃው ስላለ ነው። በሺራስ ሥዕል ውኃ የእንስሳይቱን ምስል የሚደግም መስተዋት ነበር፤ በዚህኛው ግን መብራቱ ራሱ ውኃው ነው።

ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ እንደምትወጣ የታወቀ ነው። ጨረቃዋና ምድሪቱ በአንድ ፊልም ላይ ሊጻፉ የሚችሉት ሁለቱ በብርሃን በሚመዛዘኑባት አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ጨረቃዋ ትደበዝዛለች፣ ከዚያ በኋላ ምድሪቱ ትጠፋለች። በሐሩር አገር ደግሞ ድንግዝግዝታ አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰው ያለ መብራት ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ 25 ደቂቃ አይሞላም፤ በሺራስ ሚሺጋን በበጋ ወራት ከ30 ደቂቃ ይበልጣል። እኛ በዚህ አገር ያደግን ሰዎች ይህን ለማወቅ ሰንጠረዥ አያስፈልገንም፤ ከብት ሊመልስ የወጣ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ካልተነሣ በጨለማ እንደሚገባ ያውቃል። ላንቲንግ የሠራው በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ሲታይ ያ ጥበት ይሰማል፤ ጥቂት ቢቆይ ሁሉም እንደሚጠፋ እናውቃለን። በሺራስ ሥዕሎች ሰዓት የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓትም ሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጥቁሩ አንድ ነው።

ይህን በማለታችን «ሺራስ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ፊልሙ አልፈቀደለትም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። ትክክል ነው። በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ3 የተባለው ካሜራ የስሜት መጠኑ እስከ 25,600 ይደርስ ነበር፤ ይህም ስሜቱ 200 ከሆነ ፊልም 128 እጥፍ ነው። የዛሬዎቹ ከዚያም አልፈው ሄደዋል። ሺራስን በዚህ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛም የምንፈርደው በሺራስ ላይ ሳይሆን፣ ፊልሙ ያስገደደውን ነገር የመንፈሱ ፈጠራ አድርገው በሚያወድሱት ላይ ነው። ደግሞም ካሜራው በጨለማ ማየት ከቻለ ወዲህ ብርሃንን ተሸክሞ መሄድ አልቀረም። በናሚቢያ በኤቶሻ ፓርክ በኦካኩዌዮ የሚገኘው የውኃ ጉድጓድ ሌሊቱን ሙሉ በትልልቅ መብራቶች ይበራል። ጎብኚዎች ከድንጋይ አጥር በስተ ጀርባ ተቀምጠው ጥቁር አውራሪሶችና ዝሆኖች ሲጠጡ ያያሉ፣ ያነሣሉም። በደቡብ አፍሪካም ሌሊት የሚታደርባቸው፣ ከፊታቸው መብራትና ኩሬ የተዘጋጀላቸው መሸሸጊያዎች አሉ፤ ለሌሊቱ ይከፈላል።

ከእነዚህ ስፍራዎች የሚወጡት ሥዕሎች በሙያ ረገድ ጉድለት የለባቸውም። ምስላቸው ሹል ነው፣ በውኃው ላይ ያለው ነጸብራቅ ሳይሰበር ይታያል። ችግራቸው አንዱን ያየ ሁሉንም እንዳየ መሆኑ ነው። መብራቱ የተተከለ ነው፤ መቀመጫው የተተከለ ነው፤ ኩሬው የተቆፈረ ነው፤ ስለዚህ የሚለወጠው እንስሳው ብቻ ነው። ለእንስሳቱ ከሺራስ ፍላሽ እንደሚሻል አያጠራጥርም፤ የማይጠፋ መብራት አያስደነግጥም፣ ይለመዳል። ለሥዕል ግን የሺራስ ዘዴ ከዚህ ይሻላል እንላለን። ሺራስ ዋላዋ የት እንደምትቆም አያውቅም ነበር። ዱቄቱ ሲነድ ዓይኑ ይታወራል፣ ጢሱ ይሸፍነዋል፤ ያነሣውን የሚያውቀው ሳሕኑን ካጠበ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልታሰበ ነገር የሚገባበት በር ነበር። ሊንክሷ የገባችው በዚያ በር ነው።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በጫሞ ሐይቅ ጉማሬው ቀኑን በውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። ከውኃ ወደ የብስ የሚሻገርበት ሰዓት ልክ ያ ላንቲንግ የሠራበት ሰዓት ነው፤ ውኃው ብሩህ፣ እንስሳው ጥቁር የሚሆንበት። ፍላሽ የያዘ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያገኘው እርጥብ ቆዳ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ ብርሃንና ከበስተ ጀርባው ባዶ ጥቁር ነው። ፍላሹን በከረጢቱ ትቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ጠጉር የሌለው ያ ትልቅ ገላ በብሩሁ ውኃ ላይ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ቅርጹ ሲወጣ ያገኘዋል። (ጉማሬ በሌሊት በየብስ ላይ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለሐይቁ ዳር ነዋሪዎች መንገር አያስፈልግም፤ ከከተማ ለሚሄድ ግን ያስፈልጋል።)

የቋንቋውን ነገር ሳናነሣ ብንቀር ደግሞ የሂሱ አንድ ክፍል ይጎድላል። ሺራስ በመጽሐፉ ስም ላይ ራሱን በካሜራ የሚያድን ሰው ብሎ ጠርቷል። በእንግሊዝኛ ይህ አነጋገር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ጥይት ለመተኮስና ፎቶግራፍ ለማንሣት አንድ ግሥ ይበቃልና። በአማርኛ ግን አዳኝ ግዳይ ይጥላል፤ ፎቶግራፍ የሚሠራ ሰው ያነሣል። አንዱ መጣል፣ ሌላው ማንሣት ነው። ቋንቋው ሁለቱን ሥራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስላስቀመጣቸው፣ የአማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው «በካሜራ ማደን» የሚለው ሐረግ እንደ ለሰለሰ ምሳሌ አይሰማውም፤ ይጎረብጠዋል። ይህ መጎርበጥ ለሺራስ ሥዕሎች ጥሩ ሚዛን ሆኖ አግኝተነዋል። የቆሙት ዋላዎች፣ በፋኖስ የታወሩት፣ የተጣሉ ናቸው። ሊንክሷ ተነሥታለች።

በ1893 በዋይትፊሽ ሐይቅ የተነሣ አንድ ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ እንስሳ የለበትም። ሺራስ ከፊት ከካሜራዎቹና ከፋኖሱ ጋር፣ ጆን ሐመር ደግሞ ከኋላ መቅዘፊያውን ይዞ በታንኳው ተቀምጠዋል። ሥዕሎቹ በሚታተሙበት ጊዜ ከሥራቸው የሚጻፈው የሺራስ ስም ብቻ ነው። ከላይ በብዙ ቃል ያመሰገንነው በውኃው ላይ ያለው ነጸብራቅ ግን አንዲት ሞገድ ብትነሣ የሚሰበር ነበር። ታንኳ በጨለማ ውስጥ፣ ወደ እንስሳ እየቀረበ፣ የጸጥታ ውኃን ሳያናውጥ እንዲሄድ ያደረገው ፎቶግራፍ አንሺው አይደለም፤ ቀዛፊው ነው። ዘዴውም ከመጀመሪያው የኦጂብዌ አዳኞች ነበረ። ከእንግዲህ ወዲህ እነዚህን ሥዕሎች የሚያሳይ ሙዚየም ወይም የሚያትም ቤት ከሺራስ ስም ጎን የሐመርን ስም፣ ከሐመርም በላይ የዚያን ሕዝብ ስም እንዲጽፍ እንጠይቃለን።